የአያቶቻችን ስም የት ተጻፈ? የመቃብር ድንጋይ፣ የብራና ኅዳግና የርስት ክርክር እንደ ትውልድ ሐረግ ምንጭ

ከሚኒያፖሊስ በስተምዕራብ የምትገኘው ሆፕኪንስ በታሪክ መጻሕፍት ስሟ ብዙ የማይነሣ ትንሽ ከተማ ናት። በ1887 የእህል መውቂያ መኪና ፋብሪካ ተተከለባት፤ በ1893 «ዌስት ሚኒያፖሊስ» ተብላ የመንደር አስተዳደር አገኘች፤ የዛሬ ስሟን የያዘችው በ1928 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» የሚል የተከተላቸው ዓመታት በኢትዮጵያ አቈጣጠር፣ ሌሎቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) መሬቷን ቀድመው ካረሱትና ራዝቤሪ የተባለውን ፍሬ በማልማት ስም ካወጡላት ሰዎች መካከል ከቦሄሚያ፣ ማለትም ከዛሬዋ የቼክ ሪፐብሊክ፣ የመጡ ገበሬዎች ይገኙባቸዋል። የእነዚህ ገበሬዎች የልጅ ልጆች ቼክኛ ከረሱ ቆይተዋል። ይሁን እንጂ በበጋው ወራት ወረቀትና እርሳስ ይዘው በየመቃብሩ መካከል ጐንበስ ቀና እያሉ የአያቶቻቸውን ስም ሲፈልጉ የሚታዩት ጥቂቶች አይደሉም።

እኔን ወደዚህ ጥናት የመራኝ ግን የእነርሱ ፍለጋ ብቻ አይደለም። ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር እዚሁ አርፈው እዚሁ የተቀበሩ የአንዲት አረጋዊት ወገናችን ልጆች በድንጋዩ ላይ የሚቀረጸውን ቃል እንዳዘጋጅላቸው ጠየቁኝ። ድንጋይ ቀራጩ የፈለገው ሦስት ነገር ብቻ ነበር፤ ስም፣ የቤተሰብ ስም፣ የልደትና የሞት ቀን። ከአንድ ገጽ ቅጽ የማያልፍ ነገር ነው። እኛ ግን ሦስት ሳምንት ወሰደብን። አንዱንም ጥያቄ ያለ ክርክር ልንመልስ አልቻልንም። በዚያ ክርክር ውስጥ ሳለሁ፣ የአገራችን ሰው የአባቶቹን ስም እስከ ሰባት ትውልድ በቃሉ ሲቈጥር ኖሮ ስለ ምን በድንጋይ ላይ ሳይጽፈው ቀረ የሚል ጥያቄ ተነሣብኝ።

አስቀድሞ የቦሄሚያውያኑ ድንጋይ እንዴት እንደሚያገለግል ላስረዳ። ከሆፕኪንስ ወደ ደቡብ ሲወርዱ በ1856 የተመሠረተችው ኒው ፕራግ ትገኛለች። በዚያ አካባቢ የጥንቶቹ ሰፋሪዎች መቃብር ጽሑፍ በቼክኛ ነው። ስም፣ የተወለዱበትና የሞቱበት ቀን አለው፤ ባለትዳር ሴት ከሆነች ደግሞ «ሮዜና» ከሚለው ቃል በኋላ የአባቷ ቤት ስም ይከተላል። አንዳንዱ ላይ በቦሄሚያ የተወለዱበት መንደር ስም ሳይቀር ተቀርጿል። ይህች የመንደር ስም ከሌላው ሁሉ ትበልጣለች። ምክንያቱም በቦሄሚያ እያንዳንዱ ሰበካ «ማትሪካ» የሚባል መዝገብ ነበረው፤ በተለይ ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ ሁለተኛ በ1784 ካወጣው ድንጋጌ ወዲህ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በየራሳቸው መዝገብ በሥርዓት ይጻፉ ነበር። ስለዚህ የሚኒሶታው ድንጋይ ራሱ የትውልድ ሐረግ አይደለም። የቁልፍ ሥራ ነው የሚሠራው፤ ቤቱ ከውቅያኖስ ማዶ ያለው መዝገብ ነው። ድንጋዩ ብቻውን ቢሆን ከሁለት ትውልድ አያሳልፍም ነበር።

አሜሪካውያንም ቢሆኑ ሁሉም ድንጋይ ያላቸው አይምሰለን። በሚኒያፖሊስ ሌክ ጎዳና ላይ ባለው የአቅኚዎችና የወታደሮች መቃብር ከ20 ሺህ በላይ ሰዎች ተቀብረዋል። ቆመው የሚታዩት ድንጋዮች ግን የዚያ እጅግ ጥቂት ክፍል ናቸው። የድኻው ምልክት ከእንጨት ነበር፤ እንጨቱም በስብሷል። ድንጋይ የሚያስታውሰው ድንጋይ መግዛት የቻለውን ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ መጀመሪያ የሚገጥመን እንቈቅልሽ የአክሱም ሐውልት ነው። ከ30 ሜትር በላይ የሚረዝመውና ወድቆ የቀረው ታላቁ ሐውልት የሰው ልጅ በመቃብር ላይ ካቆማቸው ድንጋዮች ሁሉ ከግዙፎቹ የሚቈጠር ሆኖ ሳለ የማን እንደሆነ የሚናገር አንዲት ፊደል የለበትም። ይህ የሆነው መጻፍ ስላልታወቀ አይደለም፤ አክሱማውያን በድንጋይ ላይ በግዕዝ፣ በሳባና በግሪክ ፊደላት ይጽፉ ነበር። በመጠራ፣ በሰንዓፈ አጠገብ፣ የቆመው ሐውልት ደግሞ ጽሑፍ አለው። አገዝ የተባለ ሰው ለአባቶቹ እንዳቆመው ይናገራል። ለእኛ ጉዳይ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የሚገኝ ይመስላል። ነገር ግን ስሙ የተጻፈው የልጁ ነው፤ አባቶቹ «አባቶቹ» ከመባል በቀር በስማቸው አልተጠሩም። ማንነታቸውን በዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ያውቅ ነበርና ማስፈለጉም አልታየውም ይሆናል።

በስም የተጠራ ሟች የምናገኘው በአካለ ጉዛይ፣ ሓም በተባለ ሥፍራ፣ በሽመዛና ደብረ ሊባኖስ አጠገብ ነው። በዚያ የተገኘው የግዕዝ ጽሑፍ የመንገሻ ልጅ ጊሖ የተባለችን ሴት ሞት በወርና በቀን ለይቶ ይመዘግባል። ዘመኑን ሊቃውንት ተከራክረውበታል፤ የአክሱም መንግሥት በሚዳከምበት ዘመን አካባቢ መሆኑ ነው በብዙዎች የሚታመነው። አንዲት ሴት፣ አባቷ፣ የሞተችበት ቀን፣ ጸሎት። ሆፕኪንስ ያለው ድንጋይ ቀራጭ ከሚጠይቀው ብዙ አይለይም። ይህ ልማድ ግን በክርስቲያኑ ደጋ አልሰፋም። በአንጻሩ በዳህላክ ደሴቶች ከ10ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ፣ በእንደርታም በኵሓ፣ የእስልምና ተከታዮች በዐረብኛ የጻፏቸው የመቃብር ድንጋዮች ተገኝተዋል። እነዚያ ሟቹን ከአባቱ፣ አባቱን ከአያቱ እያያዙ ይቈጥራሉ። ስለዚህ «በአገራችን የመቃብር ጽሑፍ አይታወቅም» የሚለው በተለምዶ የሚነገር አባባል ትክክል አይደለም። መባል ያለበት የክርስቲያኑ ደገኛ ለረጅም ዘመን ሳይጠቀምበት ቀረ ነው።

ስለ ምን? በገጠር ዐጸደ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተመላለሰ ሰው መልሱን በከፊል ያውቀዋል። በጽዱና በወይራው ሥር መቃብሩ የድንጋይ ክምር ነው። ክምሩ ሣር ይበቅልበታል፤ ዘመን ሲያልፍ ይበተናል፤ በዚያው ሥፍራ ሌላ ሰው ይቀበራል። ሟቹ የሚታሰበው በአጥንቱ ማረፊያ ሳይሆን በቀኑ ነው፤ በሠልስት፣ በሰባት፣ በሠላሳ፣ በአርባ፣ በሰማንያ፣ በሙት ዓመት። በፍትሐቱ የሚጠራውም ጎረቤት የሚያውቀው የዓለም ስሙ አይደለም፤ የክርስትና ስሙ ነው። ስሙን የሚጠብቁት ቄሱና ቤተሰቡ፣ የሚሰማውም እግዚአብሔር ነው ተብሎ ስለሚታመን አላፊ አግዳሚ እንዲያነበው በድንጋይ መጻፍ ለነፍሱ የሚጨምርለት ነገር የለም። በአዲስ አበባ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ የምናያቸው ባለ ጽሑፍና ባለ ፎቶግራፍ መቃብሮች የ20ኛው ክፍለ ዘመን፣ የከተማና የመንግሥት ሰው ልማድ ናቸው።

ይህ ሃይማኖታዊ ምክንያት እውነት ቢሆንም በእኔ አስተያየት ከዚያ የሚበልጥ ሌላ ምክንያት አለ፤ እርሱም ርስት ነው። አለን ሆበን የተባለው የአሜሪካ የማኅበረሰብ ተመራማሪ በጐጃም፣ በደጋ ዳሞት፣ ያደረገውን ጥናት በ1973 መጽሐፍ አድርጎ አሳትሟል። መጽሐፉ ስለ መሬት ነው ተብሎ ቢነበብም ስለ ትውልድ ሐረግ ከተጻፉት ሁሉ እኔ የማስበልጠው ነው። አንድ ሰው ርስት የሚያገኘው መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ዋና አባት መወለዱን ሲያስረዳ ነው። መወለዱ በአባት በኩል ብቻ አይቈጠርም፤ በእናት፣ በሴት አያት፣ በቅድመ አያት በኩልም ይሆናል። ስለዚህ ሐረጉ እንደ ቦሄሚያው የቤተሰብ ስም በአንድ መሥመር አይወርድም፤ እንደ ሐረግ ሬሳ በየአቅጣጫው ይዘረጋል። ገበሬው በአንደኛው ደብር በአባቱ እናት፣ በሌላው ደብር በእናቱ አባት በኩል ይጠይቃል። ለመጠየቅ ስሞቹን ማወቅ አለበት፤ ባያውቅ የሚያውቁ ሽማግሌዎችን ፈልጎ፣ ደጅ ጠንቶ፣ ድግስ ደግሶ መማር አለበት። በዳኛ ፊት የቆመ ባላጋራ እያንዳንዷን ትውልድ «ከማን ተወለደ?» እያለ ያስቈጥረዋል። ይህ ሁሉ ምስክርነት በአፍ ነው። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ የሚለው ተረት ተስፋ ብቻ ሳይሆን የቤት ሥራም ነበር።

ይህን ካየን የመቃብር ድንጋዩ መቅረት አያስገርምም። የአያትን ስም የተሸከመው እርሻው ነበር። ማሳው በዋና አባትና በምንዝር አባት ስም እየተከፋፈለ ይጠራ ስለነበር፣ ገበሬው በየቀኑ በስማቸው ላይ ይራመድ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1968 የጐጃም ገበሬ በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ሲያምፅ የግብሩ መጠን ብቻ አልነበረም ያስቈጣው፤ መሬት ሲለካና ሲመዘገብ በሐረግ የቆመው መብት ይፈርሳል የሚል ሥጋትም ነበረበት። እኛ በዚያ ዘመን ተማሪዎች የነበርን ወይም ከተማሪዎቹ እግር ሥር ያደግን ሰዎች ይህን «ኋላ ቀርነት» ብለን ማለፋችንን ሳስታውሰው ዛሬ ያሳፍረኛል።

ይሁንና የርስት ቈጠራ ንጹሕ ምንጭ ነው አልልም። ሆበን ራሱ እንዳሳየው ሰው የሚያስታውሰው መሬት የሚያስገኝለትን አያት ነው። መሬት የሌለበት ቅርንጫፍ ይረሳል፤ ኃይለኛ የሆነ ሰው ደግሞ ከማይወለደው ዋና አባት ጋር የሚያገናኘው ምስክር አያጣም። የቤተሰባችንን ሐረግ ከሽማግሌ አፍ የቀዳን ሰዎች ሁሉ ይህን መርሳት የለብንም። በአንድ ዘመን ለክርክር የተዘጋጀ ሰነድ ነው በእጃችን ያለው።

ማነጻጸሪያ የሚሆነን ብራናው ነው። እዚህ ላይ የሚኒሶታ ስደተኛ ዕድለኛ ነው። ከሆፕኪንስ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ርቆ በኮሌጅቪል፣ በቤኔዲክታውያን የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ግቢ ያለው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት በ1970ዎቹ ዓመታት በተጀመረው ሥራ በኢትዮጵያ በፊልም የተነሡ ከ9 ሺህ በላይ የብራና መጻሕፍትን ቅጂ ይዟል፤ በተለይ የሸዋ አድባራትና ገዳማት መጻሕፍት ይበዙበታል። ቈስለው አገራቸውን ከለቀቁ በኋላ በዚያ የተቀመጡትና በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ፣ በዊልያም ማኮምበር የተጀመረውን ዝርዝር ካታሎግ ለዓመታት ቀጥለው ለአሥር ቅጽ አብቅተውታል። ከአገር ውጭ የተሠራ፣ ለአገር ታሪክ ከዚህ የበለጠ የጠቀመ ሥራ ጥቂት ነው።

ታሪክ ጸሓፊው በዚያ ብራና ውስጥ ዋናውን ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን ኅዳጉንና ባዶ ቅጠሉን ማንበብ አለበት። የሐይቅ እስጢፋኖሱ የኢየሱስ ሞአ ወንጌል በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ ሲሆን በውስጡ ስለ ገዳሙና ስለ በጎ አድራጊዎቹ የተጻፉ ማስታወሻዎች ይገኛሉ። «የወርቅ ወንጌል» በሚባሉት መጻሕፍት ላይ የጉልት ስጦታ፣ የምስክሮች ስም፣ ውሉን በሚያፈርስ ላይ የሚወርድ ግዝት ተጽፏል። ከጐንደር ዘመን ወዲህ ሽያጭ፣ ኑዛዜና የውርስ ክርክር ሳይቀር በኅዳግ ይጻፍ ነበር። ዶናልድ ክረሚ በ2000 ያሳተመው የመሬትና የማኅበረሰብ ታሪክ በአብዛኛው የቆመው በእንደዚህ ያሉ ማስታወሻዎች ላይ ነው፤ ብዙ ሴቶችም ባለ መሬት፣ ሻጭና አውራሽ ሆነው ይገኙባቸዋል። ከዚህ ሌላ መጽሐፉን ያስጻፈው ወይም የገዛው ሰው ስሙን በጸሎቱ መካከል ያስገባል። ይህ የእኛ የመቃብር ድንጋይ ነው ማለት ይቻላል፤ ካህኑ መጽሐፉን ባነበበ ቁጥር ስሙ ይነሣልና።

ሁለት ችግር ግን አለ። የመጀመሪያው፣ መጽሐፉ ወደ ሌላ ሰው ሲዛወር አዲሱ ባለቤት የፊተኛውን ስም ፍቆ በቦታው የራሱን ያስጽፋል። በስንቱ ብራና ላይ በተፋቀ ሥፍራ በሌላ እጅ የገባ ስም እናያለን፤ በአሮጌ መቃብር ላይ አዲስ ሬሳ እንደሚያርፈው መሆኑ ነው። ሁለተኛው የበለጠ ከባድ ነው። በብራናው ያለው የክርስትና ስም ነው፤ ወለተ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ፣ ወልደ ጊዮርጊስ። በርስት ክርክር የሚጠራው ደግሞ የዓለም ስም ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ቤተሰቡና የነፍስ አባቱ ብቻ ነበሩ። እነርሱ ሲያልፉ አንድ ሰው ለሁለት ተከፍሎ ይቀራል፤ አንደኛው በሽማግሌ አፍ፣ ሁለተኛው በብራና ኅዳግ፣ ሳይተዋወቁ። ስለ አረጋዊቷ ወላጆች በካታሎጉ ውስጥ ሳገላብጥ የገጠመኝም ይኸው ነው። ወለተ ማርያም የሚል ስም ሞልቷል፤ የትኛዋ የእርሳቸው አያት እንደሆነች ሊነግረኝ የሚችል ሰው ግን በሕይወት የለም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ ርስትም አብሮ ተሻረ። ስለ አዋጁ ፍትሐዊነት እዚህ አልከራከርም፤ ጭሰኛው ያገኘውን ነጻነት የሚያቃልል ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰባተኛ አያቱን ስም ማወቅ ለገበሬው አንድ ጥማድ መሬት አያስገኝለትም። ለጋብቻ ዝምድና ከመቈጠሩ በቀር የማስታወስ ሥራው ደመወዙን አጣ። መዝገብ ደግሞ በቦታው አልተተካም። በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ጋብቻና ሞት ምዝገባ በዝርዝር ቢደነግግም ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ በተግባር የጀመረው በ2016 ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ውስጥ ተወልደው፣ ተዋግተው፣ ተሰደው፣ ሞተው ያለፉት ሰዎች በአፍም በመዝገብም ያልተያዙ ናቸው። እኔም አንዱ ነኝ።

ወደ ስደቱ ስንመጣ የኢትዮጵያውያን መቃብር በስም የሚጻፈው ብዙ ጊዜ በባዕድ አገር ሆኖ እናገኘዋለን። በ1548 እና 1549 በሮም ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ያሳተመው የደብረ ሊባኖሱ መነኵሴ ተስፋ ጽዮን በዚያው በቫቲካን በሚገኘው የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን በግዕዝ የተጻፈ የመቃብር ጽሑፍ አለው። በአገሩ ቢያርፍ ኖሮ ስንቱ የደብረ ሊባኖስ መነኵሴ እንዳረፈው ያለ ጽሑፍ ባረፈ ነበር። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ1879 እንግሊዝ አገር ሞቶ በዊንዘር፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀብሯል፤ የናስ ሰሌዳው የእርሱን ስም፣ የአባቱን ስምና ማዕርግ፣ የልደቱንና የሞቱን ቀን፣ ሰሌዳውን ያስቀመጠችውንም ንግሥት ቪክቶሪያን ይጠራል። እናቱ፣ የደጃዝማች ውቤ ልጅ እቴጌ ጥሩ ወርቅ፣ በጨለቆት ተቀብራለች። ዊንዘር ላይ ስሟ አልተነሣም። ድንጋይ ወይም ናስ የሚያስፈልገው ዙሪያውን የሚያውቀው ሰው ለሌለው ነው፤ የሚጻፈውም አስጻፊው ያሻውን ያህል ነው።

እንግዲህ ሆፕኪንስ ላይ በጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጥነው ይህን ሁሉ ተሸክመን ነበር። «የቤተሰብ ስም» በተባለው መስመር ላይ ምን እንጻፍ? የእናትየው የጉዞ ሰነድ የሚጨርሰው በወንድ አያታቸው ስም ነው። የልጃቸው ወረቀት የሚጨርሰው በራሱ የአባቱ አባት ስም ነው። እዚህ የተወለደችው የልጅ ልጅ ደግሞ የአባቷን ወረቀት ተከትላ በቅድመ አያቷ ስም ትጠራለች። ከመቶ ዓመት በኋላ በዚህ መቃብር መካከል ወረቀትና እርሳስ ይዛ የምትመላለስ ልጅ በአያቷና በአባቷ ድንጋይ ላይ ሁለት የተለያየ የቤተሰብ ስም አይታ ዝምድና የላቸውም ብላ ብታልፍ አይፈረድባትም። ልደታቸውም እንደዚሁ ነው። በወረቀት ላይ ጃንዋሪ 1 ቀን 1938 ይላል። ቀኑን የሰጣቸው የስደተኛ ቅጽ የሞላ አንድ ሰው ነው፤ ብዙዎቻችን በዚያች ቀን የተወለድን መሆናችንን አንባቢ ያውቃል። እርሳቸው ግን በጣሊያን መግቢያ ዓመት፣ በኅዳር ሚካኤል ማግስት መወለዳቸውን ከእናታቸው ሰምተው ለልጆቻቸው ነግረዋል። ይህም ኅዳር 13 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ በዚህ አገር አቈጣጠር ኖቬምበር 23 ቀን 1935። አንደኛው ልጅ ከመንግሥት ሰነድ የሚቃረን ነገር በድንጋይ ላይ መጻፍ ወደፊት ችግር ያመጣል ብሎ ሠጋ። ሁለተኛዋ ሰነዱ ነው የተሳሳተው አለች። እኔ ከሴቲቱ ልጅ ጋር ተስማማሁ፤ የታሪክ ሰው እንደመሆኔ ሌላ ልል አልችልም ነበር።

የክርስትናቸውን ስም ልጆቹ አያውቁትም ነበር። በፍትሐቱ ቀን ሲጠራ ሰምተው ረስተዋል። በሚኒያፖሊስ የደብረ ሰላም መድኃኔ ዓለም አገልጋይ ከሆኑት ካህን ጠይቀን አገኘነው።

በመጨረሻ የተቀረጸው ይህ ነው። በላይ በአማርኛ የዓለም ስማቸው፣ በሥሩ የክርስትና ስማቸው፤ ቀጥሎ የአባታቸው፣ የአያታቸውና የእናታቸው ስም፤ ቀጥሎ በመንዝ ያለችው የተወለዱባት አጥቢያ ከነታቦቷ፤ ቀጥሎ ልደትና ሞት በሁለቱም አቈጣጠር፤ በግርጌ በእንግሊዝኛ ፊደል በወረቀት የሚታወቁበት ስምና የልጆቻቸው ስም። ድንጋይ ቀራጩ ፊደሉ ብዙ ስለሆነ ዋጋው በፊደል ቍጥር ይጨምራል ብሎ አስጠነቀቀን። ልጆቹም ከፈሉ።